ፍሬን አልባ የነበረ ቀላል የካምፒንግ ተጎታች፦ የክብደትና የፍሬን ሥራ ማስታወሻ

መነሻ

ይህ ማስታወሻ ጣሪያው ወደ ላይ ተነሥቶና ጎንና ጎኑ በሸራ ተዘርግቶ ማደሪያ የሚሆን፣ ሲጎተት ግን ታጥፎ ዝቅ በሚል ባለአንድ አክስል የካምፒንግ ተጎታች ላይ የማከናውነውን የክብደትና የፍሬን ሥራ በየደረጃው ይይዛል። ተጎታቹ ከፋብሪካ ሲወጣ ፍሬን አልነበረውም። ሻንሲው ላይ የተለጠፈው ሰሌዳ የሚፈቅደው ከፍተኛ ጠቅላላ ክብደት 750 ኪሎ ግራም ሲሆን፣ የፋብሪካው መግለጫ ባዶ ክብደቱን 540 ኪሎ ያደርገዋል። የሚጎትተው መኪና መመሪያ መጽሐፍ ፍሬን ላለው ተጎታች 1,200 ኪሎ ሲፈቅድ፣ ፍሬን ለሌለው የሚፈቅደው 600 ኪሎ ብቻ ነው፤ በመጎተቻ ጋንጮው ላይ በቁም የሚያርፈው ጭነትም ከ75 ኪሎ እንዳይበልጥ ያዛል።

ሕጉ ከአገር አገር ይለያያል። በአውሮፓ ጠቅላላ ክብደቱ እስከ 750 ኪሎ የሆነ ተጎታች የራሱ ፍሬን እንዲኖረው አይገደድም፤ በአውስትራሊያም ወሰኑ ያው 750 ነው። በአሜሪካ እያንዳንዱ ግዛት የራሱን ወሰን ያወጣል፤ በብዙዎቹ ግዴታው የሚጀምረው ከ3,000 ፓውንድ ማለትም ከ1,360 ኪሎ አካባቢ ሲሆን፣ ካሊፎርኒያ ግን የካምፒንግ ተጎታችን ለይታ ከ1,500 ፓውንድ ወይም ከ680 ኪሎ ጀምሮ ፍሬን እንዲገጠምለት ታዛለች። አንድ ተጎታች በአንዱ ቦታ ሕጋዊ፣ በሌላው ሕገ ወጥ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ያስቀመጠው ወሰን ግን ድንበር ተሻግረን ስንሄድም አይለወጥም፤ ምክንያቱም የመኪናውን የራሱን ፍሬን፣ ጎማና ባሌስትራ አቅም መሠረት አድርጎ የወጣ ነው። ሥራውን በሙሉ የምመራው በዚህ ወሰን ነው።

ሚዛን ላይ

የመጀመሪያው ተግባር ተጎታቹን በእርግጠኛ ሚዛን መመዘን ነበር። የጭነት መኪና የሚመዘንበት የመሬት ሚዛን በ20 ኪሎ እርከን የሚያነብ ስለሆነ፣ አርባ ቶን ለሚጭን መኪና ከበቂ በላይ ቢሆንም፣ እዚህ ግን አንድ ሙሉ የጋዝ ሲሊንደር መኖር አለመኖሩን እንኳ አይለይም። ስለዚህ ጎማ ሥር የሚገባ ጠፍጣፋ ሚዛን ሁለት ተውሼ፣ ሁለቱም ጎማዎች እኩል ከፍታ ላይ መሆናቸውን በውኃ ልክ አረጋግጬ፣ ግራና ቀኙን ለየብቻ መዘንኩ።

ባዶው ተጎታች 602 ኪሎ ሆነ። ከመግለጫው ጋር ያለው የ62 ኪሎ ልዩነት ከየት እንደመጣ ዕቃውን እየፈታሁ ስመዝን፣ 24 ኪሎው የእርሳስ ባትሪው፣ 16 ኪሎው ትርፍ ጎማውና ማሰሪያው፣ 14 ኪሎው ከጎን የሚዘረጋው ጥላ ሆኖ ተገኘ፤ የቀረው 8 ኪሎ ወለሉ ሲታደስ ከገባው ወፍራም ኮምፔርሳቶ የመጣ ይመስለኛል። የፋብሪካ መግለጫዎች ባዶ ክብደት ብለው የሚጽፉት ብዙውን ጊዜ እነዚህ ተጨማሪ ዕቃዎች ሳይገቡ ነው። ለጉዞ የሚያስፈልገው ሁሉ ሲጫን፣ ማለትም 40 ሊትር ውኃ፣ የብረት ጋዝ ሲሊንደር፣ የማብሰያ ሣጥን፣ ፍራሽና አልባሳት፣ የመሣሪያ ሣጥንና ወንበሮች ሲገቡ፣ ሚዛኑ 718 ኪሎ አነበበ።

ይህ ቁጥር ከሰሌዳው 750 በታች ነው። መኪናው ፍሬን ለሌለው ተጎታች ከሚፈቅደው 600 ግን በ118 ይበልጣል፤ ባዶውም ቢሆን በ2 ኪሎ ያልፋል። ቀላል ተብሎ የተገዛ ተጎታች ተጭኖ ሲመዘን ቀላልነቱ እንዲህ ያበቃል፤ ፍሬን ያስፈልገዋል ወይስ አያስፈልገውም የሚለው ጥያቄም መመለስ ያለበት በመግለጫው ቁጥር ሳይሆን በተጫነው ክብደት ነው።

የጋንጮው ጭነት

ሁለቱ ጎማዎች ላይ ያረፈው ግራ 357፣ ቀኝ 323፣ በድምሩ 680 ኪሎ ነበር። ስለዚህ ጋንጮው ላይ የሚያርፈው 38 ኪሎ ነው፤ ከጠቅላላው 5.3 በመቶ ማለት ነው። ይህን በሌላ መንገድ ለማረጋገጥ ተራ የሰው መመዘኛ ሚዛን ተጠቀምኩ። አንድ ጠንካራ አግዳሚ እንጨት በአንድ ጫፉ የብረት ቱቦ ላይ፣ በሌላው ጫፉ ሚዛኑ ላይ እንዲያርፍ አደረግሁና፣ የተጎታቹን አፍንጫ፣ ማለትም ጋንጮው ላይ የሚያርፈውን የፊት ጫፉን፣ ከቱቦው 30፣ ከሚዛኑ 60 ሳንቲ ሜትር ርቆ እንጨቱ ላይ አሳረፍኩት። ሚዛኑ በዚህ አቀማመጥ የሚያነበው የእውነተኛውን ጭነት አንድ ሦስተኛ ስለሆነ ንባቡን በሦስት ማባዛት ይበቃል፤ ትንሽ ሚዛን ከአቅሙ በላይ ሳይጨነቅ ከባዱን አፍንጫ ለመመዘን የሚያስችለውም ይኸው ነው። እንጨቱ ራሱ የሚያሳርፈውን ክብደት ግን አስቀድሞ አንብቦ መቀነስ ያስፈልጋል።

በአሜሪካ የተለመደው ምክር የአፍንጫው ጭነት ከጠቅላላው ከ10 እስከ 15 በመቶ እንዲሆን ነው። በአውሮፓ ጋንጮዎቹ ዝቅ ያለ ወሰን ስላላቸው ከ5 እስከ 7 በመቶ ይለመዳል፤ የሚነዳበት ፍጥነትም ዝቅ ያለ ነው። አፍንጫው ሲቀል ክብደቱ ከአክስሉ ኋላ ያዘነብላልና ተጎታቹ ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይቀናዋል፤ ውዝዋዜው ከተወሰነ ፍጥነት በላይ በራሱ እየጎላ ይሄዳል። ሲበዛ ደግሞ የመኪናው ኋላ ዝቅ ብሎ የፊት ጎማዎቹ ይቀላሉ፤ መሪው ይሳሳል፣ አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው የፊት ፍሬንም የሚይዘው መሬት ያጣል። ከ75 ኪሎው ወሰን ሳላልፍ ወደ 10 በመቶ መጠጋትን መረጥኩ።

ስሌቱ ቀላል ነው። ከአክስሉ እስከ ጋንጮው ሦስት ሜትር ስለሆነ፣ ከአክስሉ በስተኋላ 1.2 ሜትር ላይ የነበረውን 40 ኪሎ የማብሰያ ሣጥን ከአክስሉ በስተፊት 0.6 ሜትር ላይ ባስቀምጠው የአፍንጫው ጭነት በ24 ኪሎ ይጨምራል። የ10 ኪሎ የጥላ ምሰሶዎቹን በ1.2 ሜትር ወደፊት መግፋት ሌላ 4 ኪሎ ይሰጣል። ዕቃውን እንዲሁ አዛውሬ ስመዝን 66 ኪሎ ሆነ፤ ግራና ቀኙም 331 እና 321 ሆኖ ተቀራረበ። አንድም ነገር ሳይወጣ፣ አንድም ነገር ሳይጨመር የተገኘ ለውጥ ነው። የአፍንጫ ጭነት በተለይ ለዚህ ዓይነት ተጎታች ትኩረት ይሻል፤ ከሙሉ ክብደቱ ትልቁ ድርሻ ተንቀሳቃሽ ዕቃ ስለሆነ በአንድ ሣጥን መዛወር ጠባዩ በሙሉ ይለወጣል።

ፍሬን ከመምረጤ በፊት የሠራሁት ስሌት

መኪናው ሾፌሩንና ዕቃውን ይዞ 1,400 ኪሎ ይመዝናል እንበል፤ በደረቅ መንገድም ብቻውን ፍጥነቱን በየሴኮንዱ በ7 ሜትር በሴኮንድ መቀነስ ይችላል እንበል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ለመቆም 35 ሜትር ያህል ይፈጅበታል። ይኸው የፍሬን ኃይል ተጨማሪ 718 ኪሎ እንዲያቆም ሲገደድ ፍጥነት የመቀነሱ ልክ ወደ 4.6 ይወርድና የመቆሚያው ርቀት ወደ 53 ሜትር ይደርሳል። የሾፌሩ እግር ፔዳሉ ላይ እስኪያርፍ የሚታለፈው ርቀት በዚህ ውስጥ አልገባም። ጭማሪው 18 ሜትር ነው፤ የአራት መኪና ርዝመት ማለት ነው። በዚያው ቅጽበት ተጎታቹ መኪናውን ከኋላ በ3,300 ኒውተን ይገፋዋል፤ ይህም የ340 ኪሎ ክብደት ያህል ግፊት ነው። መንገዱ ቀጥ ያለ ከሆነ ግፊቱ ርቀት ያረዝማል፤ ኩርባ ላይ ግን የመኪናውን ኋላ ወደ ጎን ይጥለዋል፤ መኪናና ተጎታች እርስ በርስ የሚታጠፉትም እዚህ ላይ ነው።

ይበልጥ ያሳሰበኝ ቁልቁለቱ ነው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ 718 ኪሎ ሲቆም ፍሬኑ ወደ ሙቀት የሚለውጠው ጉልበት 177 ኪሎ ጁል ገደማ ነው። ተጎታቹ በቁም 500 ሜትር የሚወርድ ቁልቁለት ሲጨርስ ግን ወደ 3.5 ሜጋ ጁል ያወርዳል፤ ከ80 ወደ ዜሮ ሃያ ጊዜ ደጋግሞ እንደ መቆም ያለ ነው። ከዚህ ውስጥ የአየር መከላከያና ሞተሩ በዝቅተኛ ማርሽ የሚይዙት አለ። ዝቅ ብሎ የታጠፈ ተጎታች ግን አየርን ብዙ ስለማይቃወም ከአየሩ የሚያገኘው እርዳታ ከረጅም ካራቫን ያነሰ ነው። ነዳጅ የሚያስቆጥበው ቅርጽ ቁልቁለት ላይ ሥራውን ለፍሬን ይተዋል።

የፍሬኑ ዓይነት

ለዚህ ክብደት የሚቀርቡት ሁለት ናቸው። አንደኛው የግፊት ፍሬን ነው፤ መኪናው ሲቀንስ ተጎታቹ ወደፊት ሲገፋ የአፍንጫው ዘንግ ወደ ውስጥ ይገባና በሽቦ ገመድ ወይም በዘይት የጎማዎቹን ፍሬን ያስይዛል። ኤሌክትሪክ አይፈልግም፣ መኪናው ውስጥ ምንም አይገጠምለትም፣ ከግፊቱ ጋር ራሱን ያመጣጥናል፤ በአውሮፓ የተስፋፋውም ይኸው ነው። ጉድለቱ ሾፌሩ ተጎታቹን ለብቻው ማስያዝ አለመቻሉና፣ በረጅም ቁልቁለት ሞተሩ መኪናውን በያዘ ቁጥር የተጎታቹ ፍሬን ያለማቋረጥ እየታከከ መጋሉ ነው። ወደኋላ ሲነዳም ግፊቱ ፍሬኑን እንዳያስይዝ መልቀቂያ ዘዴ ያስፈልገዋል።

ሁለተኛው የኤሌክትሪክ ፍሬን ነው። በእያንዳንዱ ታምቡር፣ ማለትም ከጎማው ጋር በሚሽከረከረው ክብ የብረት ከበሮ ውስጥ፣ አንድ ማግኔት በክንድ ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ኤሌክትሪክ ሲላክበት የሚሽከረከረውን የታምቡር ፊት ይነክሳል፤ ፊቱም ይዞት ሊሄድ ሲል ክንዱ ይዞርና የፊተኛውን የፍሬን ሸራ (ታምቡሩን ከውስጥ እየታከከ የሚይዘውን ክፍል) ወደ ታምቡሩ ይገፋዋል፤ የታምቡሩ መሽከርከር ደግሞ ሸራውን ይበልጥ እየሳበ ያጠብቀዋል። ትንሽ ማግኔት ትልቅ ኃይል የሚያወጣበት ምሥጢር ይህ ነው። ጎማው በቆመበት ግን የሚጎትተው ስለሌለ ፍሬኑ ጉልበት የለውም፤ ቆሞ በመሞከር ብቃቱን መመዘን አይቻልም።

የኤሌክትሪኩን መረጥኩ። የወሰነልኝ፣ መኪናው ውስጥ ባለው መቆጣጠሪያ ላይ ያለችውን ትንሽ መጫኛ በእጅ በመጫን የተጎታቹን ፍሬን ብቻ ለይቶ ማስያዝ መቻሉ ነው፤ ተጎታች መወዛወዝ ሲጀምር መኪናውን ሳይነኩ ከኋላ መወጠር መድኃኒቱ ነውና። መቆጣጠሪያውንም በጊዜ ብቻ ኃይል ከሚጨምረው ዓይነት ሳይሆን፣ የመኪናውን ፍጥነት መቀነስ ለክቶ በዚያው ልክ ከሚልከው ዓይነት ወሰድኩ፤ ቀላል ተጎታች በጊዜ በሚጨምረው መቆጣጠሪያ በቀስታ ፍሬን ላይ እንኳ ሊበረግግ ይችላል።

አክስሉ ሲፈታ

ተጎታቹን በክሪክ አንሥቼ፣ ሻንሲው ሥር ጠንካራ ድጋፍ አስገብቼ፣ ጎማዎቹንና አሮጌዎቹን ታምቡር የሌላቸው ሀቦች (ጎማው የሚታሰርባቸውን እምብርቶች) አወጣሁ። የአክስሉ ጫፍ ላይ ባለአራት ቀዳዳ የፍሬን መግጠሚያ ጠፍጣፋ ብረት ከፋብሪካው ተበይዶ ስለነበር ትልቁ ሥጋት ተወገደ። አክስሉ በባሌስትራ ፈንታ በውስጡ ላስቲክ ያለው ዓይነት ቢሆን ኖሮ መግጠሚያውን እዚያው መበየድ አይታሰብም ነበር፤ የብየዳው ሙቀት ላስቲኩን ያበላሸዋልና መግጠሚያ ያለው አክስል ከነጭራሹ መተካት ይሻላል።

የገጠምኩት 7 ኢንች ዲያሜትርና ሩብ ያህል ከአንድ ኢንች የሚበልጥ ስፋት ያለው ሸራ የያዘውን መጠን ነው፤ ይህ መጠን እስከ 2,000 ፓውንድ ወይም 900 ኪሎ ለሚሸከም አክስል የተሠራ ነው። ግራና ቀኙ አይለዋወጡም፤ አጠር ያለ ሸራ ያለው ጎን ሁልጊዜ ወደ መኪናው ፊት መዞር አለበት። ኩሽኔታዎቹን በአዲስ ግራሶ ሞልቼ፣ የግራሶ መከላከያ ላስቲኩን ከንፈሩ ወደ ኩሽኔታው እንዲዞር አድርጌ አስገባሁ፤ ሸራው ላይ የደረሰ ግራሶ ታጥቦ አይጸዳምና እዚህ ላይ መቸኮል አያስፈልግም። ከዚያ ታምቡሩን በእጄ እያሽከረከርኩ ዳዶውን አጥብቄ ኩሽኔታው ቦታውን እንዲይዝ አደረግሁ፤ መልሼ አላልቼ በጣት ብቻ እስኪነካ ካጠበቅሁ በኋላ ዳዶው እንዳይላላ የሚይዘውን ኮፒሊያ አስገባሁ። የሸራዎቹን ርቀት የማስተካክለው ከኋላ ባለው ቀዳዳ በኩል የምትታየውን ባለጥርስ ማስተካከያ በማዞር ነው፤ ጎማው በእጅ አልዞር እስኪል ይጠበቃል፣ ከዚያ ሸራው ታምቡሩን በስሱ ብቻ እየዳሰሰ በነፃነት እስኪሽከረከር ይለቀቃል።

ሽቦው

እያንዳንዱ ማግኔት ወደ 3 አምፔር ይወስዳል፤ ሁለቱ 6። መጠኑ ትንሽ ቢመስልም ቀጭን ሽቦ ከመኪናው እስከ አክስሉ ባለው ርቀት ላይ ቮልቱን ያወርደዋል፤ የወረደው ቮልት በቀጥታ የጠፋ የፍሬን ኃይል ነው። ስለዚህ ከመብራቱ ሽቦ ወፈር ያለ መስመር ለብቻው ዘረጋሁ፤ የማሳውንም (ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው የሚመለስበትን) ሽቦ በጋንጮው ብረት ከማስተላለፍ ይልቅ እስከ ማግኔቶቹ ድረስ በራሱ ሽቦ አደረስኩ፤ የጋንጮው ብረት በግራሶና በዝገት መካከል አንዴ የሚነካ አንዴ የሚለቅ መገናኛ ነው። ባለአራት ቀዳዳው ሶኬት የፍሬን መስመር ስለሌለው በባለሰባቱ ተተካ፤ በአሜሪካው አሠራር ሰማያዊው ሽቦ የፍሬን፣ ነጩ የማሳ ነው። በሙሉ ኃይል አስይዤ ስለካ ባትሪው ላይ 12.6፣ ማግኔቱ ላይ 12.1 ቮልት አገኘሁ፤ ረክቻለሁ።

ተጎታቹ ከመኪናው ቢላቀቅ ፍሬኑን በራሱ የሚያስይዘውን ማብሪያም ጨመርኩ። ገመዱ ሲጎተት ፒኗ ትወጣና የተጎታቹ ትንሽ ባትሪ በቀጥታ ከማግኔቶቹ ጋር ይገናኛል። በአሜሪካ የፌዴራል ደንብ መሠረት ይህ ፍሬን ቢያንስ 15 ደቂቃ መያዝ አለበት። ገመዱን ከመኪናው ሻንሲ ጋር እንጂ ከደህንነት ሰንሰለቱ ወይም ከጋንጮው ተነቃይ ክፍል ጋር አላሠርኩትም፤ እነዚያ ከተነቀሉ ገመዱም አብሮ ይሄዳልና ማብሪያው ሥራውን አይሠራም። ስሞክረው ሶኬቱን ከመኪናው ነቅዬ ነው፤ አለዚያ ኤሌክትሪኩ ወደ መቆጣጠሪያው ተመልሶ ሊያበላሸው ይችላል።

እንደገና ሚዛን ላይ

ፍሬኑ ከነሽቦውና ከነትንሿ ባትሪ 14 ኪሎ ጨመረ። ይህን ለማካካስ ሁለት ነገር አደረግሁ፦ የእርሳስ ባትሪውን በ12 ኪሎ በሚቀል የሊቲየም ባትሪ ተካሁ፤ ከ40 ሊትር ውኃም 10 ብቻ ይዤ ቀሪውን ማደሪያው ስደርስ ለመሙላት ወሰንኩ። ጠቅላላው 690 ሆነ። የሚገርመው፣ ባትሪው አፍንጫው አጠገብ ስለነበረ መቅለሉ የጋንጮውን ጭነት ከ66 ወደ 58 ማውረዱ ነው፤ አዲሷ ትንሽ ባትሪ እዚያው ባትቀመጥ ኖሮ ከዚህም በታች ይሆን ነበር። 12 ኪሎ የሚመዝነውን የመሣሪያ ሣጥን ከኋላ ወደ ፊት ሳዛውረው ወደ 67 ተመለሰ፤ 9.7 በመቶ ነው። ክብደት በተቀነሰ ቁጥር ሁሉ አፍንጫው እንደገና መመዘን አለበት።

ጣሪያው ላይ ማቀዝቀዣ እንድገጥም የቀረበልኝን ሐሳብ አልተቀበልኩም። 40 ኪሎ ያህል ክብደት ከላይ መጫን የተጎታቹን ዋና ጥንካሬ፣ ማለትም ለመሬት ቅርብ መሆኑን ይወስዳል፤ ጣሪያውን የሚያነሡትን ገመዶችም ያስጨንቃቸዋል። ዝናብ የጠጣ ሸራ ታጥፎ ሲጫን ደግሞ 9 ኪሎ እንደሚጨምር መዝኛለሁ፤ ከ690 እስከ 750 የተውኩት ክፍተት ለዚህና ለመሰሉ ነው።

የፍሬን ሸራውን ማለማመድ

አዲስ የፍሬን ሸራ ከታምቡሩ ጋር ሙሉ በሙሉ ተገናኝቶ ኃይሉን የሚያወጣው ከተለማመደ በኋላ ነው። ባዶ በሆነ መንገድ ከ65 ወደ 30 ኪሎ ሜትር በሰዓት በተጎታቹ ፍሬን እያወረድኩ፣ በየመሃሉም እስኪበርድ ረዘም ያለ ርቀት እየነዳሁ ደጋገምኩት። ቆሜ ታምቡሮቹን በርቀት ሙቀት መለኪያ ስለካ ግራው 61፣ ቀኙ 84 ዲግሪ አነበበ። ጎማውን አንሥቼ ሳሽከረክረው የቀኙ ሸራ ይታከክ ስለነበር ባለጥርሷን ማስተካከያ ሁለት ጥርስ መለስኳት፤ ቀጥሎ ስለካ ልዩነቱ ከአምስት ዲግሪ በታች ወረደ።

የኃይሉን ልክ ያስተካከልኩት በደረቅ አስፋልት ላይ በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እየሄድኩ መጫኛዋን በመጫን፣ ጎማዎቹ ሊቆለፉ ጥቂት ሲቀራቸው ካለው ልክ ትንሽ ዝቅ በማድረግ ነው። ተጭኖ የተገኘው ልክ 5.5 ሲሆን፣ ባዶውን ስሞክር ጎማዎቹ በዚያው ልክ ወዲያው ተቆልፈው ተንሸራተቱ፤ ለባዶው 4 ተስማማው። ሁለቱን ቁጥሮች መቆጣጠሪያው ጎን ጽፌ ለጥፌያለሁ።

ከመጀመሪያዎቹ 320 ኪሎ ሜትሮች በኋላ

ሸራዎቹ ስለተቀመጡ ርቀታቸው ሰፍቶ ነበር፤ ሁለቱንም ወገን እንደገና አጠበቅሁ። የጎማ ዳዶዎቹ ከመጀመሪያዎቹ 80 ኪሎ ሜትሮች በኋላ ተፈትሸው ስለነበር አሁን አልላሉም። ቀጣዩ ፍተሻ ከ5,000 ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላ ይሆናል፤ እስከዚያ ጎማዎቹን እቀይራለሁ። ጎናቸው ላይ የታተሙት አራት አኃዞች፣ ማለትም የተመረቱበት ሳምንትና ዓመት፣ ዕድሜያቸው መግፋቱን ያሳያሉ፤ ጥርሳቸው ባያልቅም አሁን ከመሽከርከር ሌላ የፍሬንን ኃይል ወደ መሬት የማድረስ ሥራ ተጨምሮባቸዋል፤ የሚተኳቸውንም የምመርጠው የመሸከም አቅማቸው ከ690 ሳይሆን ከሰሌዳው 750 በላይ መሆኑን አይቼ ነው።